ሐዘን ሲጣፍጥ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ለምን ያለቅሳል? ሽንኩርት ተወደደ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ታክሲ ጠፋ እያልን በነፃ የምናለቅስበት ምክንያት ሞልቶ ተርፎናል። እኛ ግን እሱ አልበቃ ብሎን ማታ እንወጣለን፣ መግቢያ እንከፍላለን፣ አንዷ ድምፃዊት መድረክ ላይ ወጥታ ትዝታዋን ስታወርደው አንገታችንን ደፍተን እንባችንን እንጠርጋለን። ሲያልቅ ደግሞ «ይደገም!» እንላለን። ሐዘኑ ይደገም ማለታችን ነው እኮ! ልቅሶ ቤት ገብቶ «ይደገም» የሚል ሰው ቢገኝ በዱላ ነበር የሚባረረው።

ሠርግ ላይም ያው ነው። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ምግቡ ተበልቶ፣ እስክስታው ደርቶ ሳለ ትዝታ ሲመታ አንዲት አክስት ጥግ ይዘው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ምነው እትዬ?» ስትሏቸው «ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው» ይሏችኋል። አልዋሹም። ደስ ብሏቸዋል፤ አዝነዋልም። ሁለቱ ተያይዘው ነው የመጡባቸው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቃል አላነሰውም። እንጉርጉሮ እንለዋለን። እንጉርጉሮ ልቅሶ አይደለም፤ ልቅሶ ሰው ይጠራል፣ እንጉርጉሮ ግን ለብቻ ነው። ጭፈራም አይደለም። ሰው ሆዱ ሲብሰው፣ ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ለራሱ የሚያሰማው ነገር ነው። መራራ ነው፤ ግን ካንጎራጎሩት በኋላ እንደ ኮሶ አይጎመዝዝም። ይልቁንም ያቀልላል።

ይኼን ጥያቄ ሰሞኑን ያነሳብኝ ትዝታ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ያነሳብኝ ግን የጃፓን ሮክ ነው። አትሳቁ።

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። የዘመኑ ልጆች እንደምታውቋቸው ጆሯቸው ላይ ሽቦ ወይም እንደ ሽምብራ ያለች ነገር ወትፈው ነው የሚውሉት። አንድ ምሽት መገናኛ የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ይዘን ቆመናል። ሰልፉ አይነቃነቅም። ልጅቱ አንዱን ከጆሮዋ ነቅላ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ስማት» ብላ ሰጠችኝ። ጊታር አለ፣ ድራም አለ፣ የሴት ልጆች ድምፅ አለ። ቋንቋው አይገባኝም። ግን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቁጭ አለ።

«እነማን ናቸው?»

«ጃፓኖች ናቸው። ዞን ይባላሉ። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ የሚዘፍኑትም የሚጫወቱትም ራሳቸው።»

«ምን እያሉ ነው?»

«ጓደኛሞች ናቸው። የትምህርት ቤት ዕረፍት አብረው አሳልፈው ሊለያዩ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ እንገናኝ ይባባላሉ።»

እዚያ ቆሜ ይኼን ስሰማ ዙሪያዬን ሳላይ አልቀረሁም። የሰፈሩ ስም መገናኛ ነው። ነገሩን ካያችሁት ግን ከሚገናኝበት የሚለያይበት ይበዛል። አንዱ ወደ ቦሌ፣ አንዱ ወደ ጉርድ ሾላ፣ አንዱ ወደ ሃያ ሁለት፣ አንዷ ሻንጣዋን አስይዛ ላምበረት መናኸሪያ፤ ከዚያ አገር ቤት። «ደውዪ እሺ?» «እሺ» ይባባላሉ። ማን ይደውል፣ ማን ይቅር፣ እግዜር ይወቀው። «እንገናኝ» ደግሞ በአማርኛ ስንት ሰው የማያከብረው ቃል እንደሆነ አታጡትም። «በቃ እንገናኛለን!» ብሎ የተለያችሁ ወዳጅ እስቲ ስንት ዓመቱ ነው?

ወደ ዘፈኑ ልመለስ። ዞን ሳፖሮ ከምትባል የሰሜን ጃፓን ከተማ የወጣ የልጃገረዶች ባንድ ነው። ይኼ «ከዐሥር ዓመት በኋላ» የሚለው ዘፈናቸው የወጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2001 ነው። ባንዱ በ2005 ፈረሰ። ባንድ መፍረሱ እኛም አገር ብርቅ አይደለም። የሚደንቀው የተከተለው ነው። ዐሥር ዓመቱ ሲሞላ፣ ነሐሴ 2011 ላይ፣ ባንዱ ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ዘፈን ውስጥ የተባለውን ቀጠሮ አከበረ! በዘፈን «እጠብቅሃለሁ፣ እጠብቅሻለሁ» የተባለው ሁሉ ቢፈጸም ኖሮ እኛ አገር ስንቱ ሰው ጥበቃ ላይ በዋለ።

በነገራችን ላይ የጃፓን ዜማ ለሐበሻ ጆሮ ባዳ አይደለም። ኤንካ የሚሏቸው የቆዩ ዘፈኖቻቸው በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። ቅኝቱን «ዮናኑኪ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «አራትና ሰባት የሌለበት» ማለት ነው፤ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ወጥተው አምስቱ ይቀራሉ። ሐዘንተኛው ዮናኑኪና ሐዘንተኛው የትዝታ ቅኝታችን ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። የዛሬዎቹ ልጆች ሮክ ከዚህ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ያደጉበት ጆሮ ያው ነው። ስለዚህ አያቴ ኤንካ ቢሰሙ ኖሮ «ይኼ የየት አገር አዝማሪ ነው፣ ቃሉ አልሰማህ አለኝ እንጂ የኛ ሰው ነው» ይሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ከጃፓን ጋር በዘፈን መተዋወቅም ዛሬ አልተጀመረም። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ዘማቾቹ ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይሄዱ ነበር። ወጣት ወታደር፣ ከሞት ደጃፍ የመጣ፣ ባዕድ አገር ውስጥ፤ የሚሆነው ሆነ። ጥላሁን ገሠሠም «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ ዘፈነላቸው። ዘማቾቹ ተመልሰው እንጦጦ ግርጌ ኮሪያ ሰፈር የሚባል ሰፈር አበጁ፤ ጃፓኗ ግን ዘፈን ውስጥ ቀረች።

እስቲ ልብ በሉ። ያቺ ጃፓናዊት ሐዘኗን ማን ጠየቃት? የወታደሩን ናፍቆት በጥላሁን ድምፅ ሰምተናል፤ ደስም ብሎናል። እሷስ? ወታደሩ መርከቡ ላይ ወጥቶ ሲሄድ ቆማ አላየችም? ቤቷ ገብታ አላለቀሰችም? እሷ የተዘፈነላት እንጂ የዘፈነች አይደለችም። የእህቴ ልጅ በጆሮዬ ያስገባችልኝ ድምፅ እኔን የነካኝ አንዱ ምክንያት ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ድሮ በወንድ አፍ ያወቅናት ሴት አሁን በራሷ አፍ፣ በራሷ ጊታር መጣች።

የኔ ጥያቄ እንግዲህ ይኼ ነው፦ የሚጣፍጠን ሐዘን የማን ነው?

እኛ አገር በሐዘን ዜማ ሴትን የሚያህል የለም። ልቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። የሟቹን ሙያ፣ የቀሪውን ጉድለት፣ የጎረቤቱን ነገር እንኳ ሳይቀር በሰምና ወርቅ አድርገው በሁለት ስንኝ የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። ወፍጮ ላይ ያንጎራጎሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ከተማ መጣ፣ ኦርኬስትራ መጣ። የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስን፣ የሀገር ፍቅርን የድሮ ፎቶግራፎች ተመልከቱ። ከፊት አንዲት ቆንጆ ድምፃዊት በማይክራፎን ቆማለች፤ ከኋላዋ ሳክስፎኑን፣ ጊታሩን፣ ድራሙን የያዙት በረድፍ የተደረደሩ ወንዶች ናቸው። እነ ዋልያስ፣ እነ ሮሃ ሲመጡም ያው ነው። ሮክ ብሎ የተነሳው ጃኖ ባንድም እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ሁለት ሴቶች ነበሩት፤ ሁለቱም ድምፃውያን። 2005 ዓ.ም. ላይ የመጡት የ«የኛ» አምስት ልጃገረዶችም የሚታወቁት በድምፃቸውና በሬዲዮ ድራማቸው ነው።

ግጥሙንስ? እነ ይልማ ገብረአብ፣ እነ ሞገስ ተካ ለስንቷ ድምፃዊት ነው የሴት ሐዘን የጻፉላት! በርግጥ ዓለምፀሐይ ወዳጆን የመሰለች ብዕረኛ ለብዙ ድምፃውያን ግጥም ሰጥታለች፤ አስቴር አወቀም ከዘፈኖቿ ራሷ የደረሰቻቸው አሉ። ቢሆንም በብዛት ስናየው ሴቲቱ አፉን፣ ወንዱ እጁን አዋጥቶ የተሠራ ሙዚቃ ነው።

ይኼን በአንድ ጥያቄ ያሳጠረልኝ ሌላ የመገናኛ ታክሲ ነው። አንዲት ልጅ ጊታር በጥቁር ቦርሳ አንግታ ገባች። ረዳቱ መጀመሪያ «እህቴ፣ እሱም ሒሳብ አለው፣ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል» አላት። ሳቅን። ጊታሩን ጭኗ ላይ አቆመችው። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ በደግነት ዓይን እያዩዋት «የወንድምሽ ነው?» አሏት።

«የራሴ ነው፣ አባባ።»

«ትችይዋለሽ?»

«እየተማርኩ ነው።»

«ጎበዝ። ግን ዘፋኝ ብትሆኚ ይሻልሽ ነበር፤ ቁመናም አለሽ።»

ክፋት የላቸውም፤ እንዲያውም መመረቃቸው ነው። ግን ስታስቡት «የወንድምሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከጊታሩ አልፎ ይሄዳል። የሚያሳዝነውን ዘፈን ስትዘፍኚልን ደስ ይለናል፤ ዕቃው ግን የሌላ ሰው ይሁን ማለት ነው። አልቅሺልን፣ ግን እንዴት እንደምታለቅሺ ሌላ ሰው ይወስንልሽ።

ጃፓን ውስጥም ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፕሪንሰስ ፕሪንሰስ የሚባል የአምስት ሴቶች ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ኩባንያ በፈተና መልምሎ ነው ያሰባሰባቸው፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ሌላ ነበር። እነሱ ግን ቀስ በቀስ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ይዘው ቁጭ አሉ። በ1989 «ዳይመንድስ» የተባለው ዘፈናቸው በጃፓን ከዓመቱ ሸክላዎች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ቡዶካን በተባለው የቶክዮ ትልቅ አዳራሽ ዝግጅት ያቀረበ የመጀመሪያው የሴቶች ባንድ ሆኑ።

የዚያ ሸክላ ጀርባ ላይ «ኤም» የሚባል ዘፈን አለ። ቀዝቀዝ ያለ ነው። የተለያት ሰው ስም በአድራሻ ደብተሯ «ኤም» ከሚለው ፊደል ሥር ተጽፏል፤ ልትሰርዘው ትፈልጋለች፣ እጇ እምቢ ይላታል። ይኸው ነው ነገሩ። እናንተስ ስልካችሁ ውስጥ የማትደውሉለት፣ የማትሰርዙትም ቁጥር የለም? ግጥሙን የጻፈችው ድራም የምትመታው ኪዮኮ ቶሚታ ናት። ዜማውን ያወጣችው ድምፃዊቷ ካኦሪ ኦኩዪ ናት። አያችሁ፣ ያቺ ስም መሰረዝ ያቃታት እጅ ያው ድራሙን የምትመታው እጅ ናት። ዘፈኑ ያሳዝናል፤ ግን አንጀት የሚበላ ምስኪንነት የለበትም። ሐዘኑን ይዛዋለች እንጂ ሐዘኑ አልያዛትም።

ሌሎችም አሉ። ስካንዳል የሚባሉት አራት ልጆች እ.ኤ.አ. በ2006 ኦሳካ ውስጥ ሲጀምሩ መሣሪያ መጫወት አያውቁም ነበር። ድምፅና ውዝዋዜ ሊማሩ በገቡበት ትምህርት ቤት ጊታርና ድራም ከዜሮ ተማሩ፤ መናፈሻ ውስጥ ለአላፊ አግዳሚ እየተጫወቱ አደጉ። በ2023 ጊነስ አባላቱ ሳይቀየሩ ረጅም ዘመን የቆየ የሴቶች የሮክ ባንድ ብሎ መዘገባቸው። እኛ አገር ሦስት ወዳጆች ዕቁብ ጀምረው ዓመት ሳይሞላ በሚኳረፉበት ዘመን 17 ዓመት ቀላል አይደለም።

ይኼን ሁሉ ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ራሱን ነቀነቀና «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» አለኝ። «ሐዘን ባለቤት አለው እንዴ? ጥሩ ገጣሚ የሴትንም የወንድንም፣ የሟችንም የቋሚንም ልብ ያውቃል። ሙሾ አውራጇ የማታውቀውን ሰው አይደል የምታለቅሰው? ተከፍሏትም እኮ ነው። ውሸታም ልትላት ነው? ይልቅስ ያ የእህትህ ልጅ ያሰማችህን ዘፈን ማን እንደጻፈው አጣራ።»

አጣራሁ። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው ኖሪሂኮ ማቺዳ የሚባል ሰው ነው። ወንድ ነው።

ወዳጄ የልቡ ደረሰ። እኔም ክርክሩን በቀላሉ አላጣጥልበትም፤ ትልቅ ነገር ነው የተናገረው። የሴት ሐዘን በሴት ብቻ ይጻፍ ብንል ግማሹን የአማርኛ ዘፈን ልንሰርዝ ነው፤ ጥላሁንም ስለ ጃፓኗ ዝም ሊል ነው። ጥበብ ማለት የሰው ጫማ ውስጥ መግባት አይደል?

ግን እስቲ ሙሾ አውራጇን ደህና አድርገን እንያት። የምታውቀው ሟች አይደለም፤ እውነት ነው። ሆኖም የምታለቅሰው የት ነው? ድንኳኑ ውስጥ፣ እናትየው ፊት ለፊት። የተሳሳተ ቃል ብታወጣ እናትየው ቀና ብላ ታያታለች። ያጋነነች እንደሆነ ሰፈሩ ያማታል። ለቃሏ ተጠያቂ ናት። ነገ ደግሞ እሷ ቤት ሞት ቢገባ ያቺው እናት ደረቷን እየመታች ትመጣለች። ልቅሶ ብድር ነው። ዕድር የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው የራሱ ልቅሶ ቤት ጭር እንደሚል ያውቃል።

ዞኖችም እንዲሁ ይመስሉኛል። ቃሉን ሌላ ሰው ጻፈላቸው። ዐሥር ዓመት ሲሞላ ግን ቀጠሮው ቦታ ላይ የተገኙት እነሱ ናቸው። ዘፈኑን የራሳቸው ያደረጉት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም። የዘፈን ሐዘን ባለቤት የጻፈው ብቻ አይደለም፤ ለቃሉ ቆሞ የሚጠየቅለት ነው።

ታዲያ እኛስ ጋ ለቃላቸው የቆሙ የሉም ወይ? አሉ እንጂ! አስናቀች ወርቁ አለች። መድረክ ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች በነበሩበት ዘመን ተዋናይት ሆና ወጣች፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት ጊዜ ክራሯን ታቅፋ ስንኟን እየፈጠረች ዘፈነች። ድምፁም የእሷ፣ ክሩም የእሷ፣ ቃሉም የእሷ። መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ከኢትዮፒክስ ተከታታይ ሸክላዎች 16ኛው «ባለክራሯ እመቤት» ተብሎ በስሟ ወጥቶ ዓለም ሰምቷታል። እስቲ ስሟት። ናፍቆቷ ውስጥ ሳቅ አለ። የተከፋች ሴት አይደለችም፤ የተከፋውን ነገር ዓይን ዓይኑን የምታይ ሴት ናት።

እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩም አሉ። ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በጠላት ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣሊያን ተግዘዋል። ካይሮ ሙዚቃ ተምረዋል። ከዚያ ወዲያ ለትምህርት ውጭ የመሄድ ዕድል አግኝተው ተከለከሉ፤ ልባቸው ተሰበረ፤ ግሸን ማርያም ገብተው በባዶ እግራቸው ዓመታት ኖሩ። መነኩሲት ሆነውም ፒያኖውን አልተዉትም። በ1959 ዓ.ም. ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ በራሳቸው ጣት የራሳቸውን ትካዜ ተጫወቱ። ልብ በሉልኝ፣ ከሸክላዎቻቸው የተገኘው ገንዘብ አባቶቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው ልጆች መርጃ ውሏል። ሐዘናቸውን ሰው ሰማው፤ የተሰማው ሐዘን ዳቦ ሆኖ ወጣ። ብድር ማለት ይኼ ነው።

ፕሪንሰስ ፕሪንሰስም ብድር መላሽ ሆኑ። በ1996 ተለያይተው እያንዳንዷ የየራሷን ኑሮ ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 የምሥራቅ ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል ከተሞችን ጠርጎ ሲሄድ ግን በ2012 እንደገና ተሰበሰቡ። አምስቱም ከ40 ዓመት በላይ ሆነው ነበር። ያገኙትን ለተጎጂዎች ሰጡ። በ2016 ሴንዳይ በምትባለው የዚያው አካባቢ ከተማ በእነሱ ዕርዳታ ጭምር የተሠራ የሙዚቃ አዳራሽ ተከፈተ። ድሮ የእነሱን ትንሽ ሐዘን፣ ያችን ያልተሰረዘች ስም፣ አብሯቸው ያንጎራጎረው ሕዝብ ትልቅ ሐዘን ሲመጣበት ልቅሶ ደረሱት።

አሁን ወደ እኛ ወደ አድማጮቹ ልምጣ፤ ጣቱ እዚህ ላይ ነውና። እኛ የሰው ሐዘን ሲጣፍጠን ምን እንመልሳለን?

መገናኛ አካባቢ «ዘፈን እንጭናለን» የሚሉ ሱቆች የነበሩበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሚሞሪ ካርዷን ትሰጡታላችሁ፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርግና የስንት ድምፃዊትን የዕድሜ ልክ እንጉርጉሮ በጥቂት ብር ይሞላላችኋል። «ትዝታ በሙሉ ይሁን ወይስ የሠርግም ልቀላቅልበት?» ይላል። እንደ ቅመም! ሕጉ አዲስ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በ872/2007 ተሻሽሏል። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሥራው የእሱና የወራሾቹ ነው ይላል። እኛ ግን በሕግ ሳይሆን በሚሞሪ ስንተዳደር ኖርን። ዛሬ ሱቁ ቢቀር ስልኩ ቀጥሎበታል፤ ቴሌግራም ላይ «ላክልኝ» ነው።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። ሌላም አለ። ልቧ ስለተሰበረች ሴት ሲዘፈን አብረን እንወዛወዛለን፤ ልቧ የተሰበረችው ሴት ጎረቤታችን ስትሆን ግን «ቻይው፣ ትዳር ነው» እንላታለን። ዓረብ አገር ስለሄደች ልጅ ናፍቆት የተዘፈነ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሲከፈት «እሰይ» እንላለን፤ ተመልሳ ስትመጣ መጀመሪያ የምንጠይቃት ምን ይዘሽ መጣሽ ነው። ሐዘኗን ዜማ ሲኖረው እንወደዋለን። ዜማ የሌለው እንደሆነ ግን ጆሮ የለንም። ይኼ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ዘፈን ሐዘንን ያጣፈጠው እንድንውጠው፣ ወደ ውስጣችን እንዲገባ ነው፤ እኛ ግን ማሩን ልሰን መድኃኒቱን ተፋነው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ በዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ሐዘን ለምን ይዘፈናል? ደስ ደስ የሚለው ብቻ ይዘፈን» ይላል። ቢሉኝ አልስማማም። ያንጎራጎረች ሴት ያልተዘጋ በር አላት። የምንፈራው ዝም ያለችዋን ነው። ሐዘን የሚጣፍጠው ክፉ ስለሆንን አይደለም፤ የሌላው ቁስል ውስጥ የራሳችንን ስላገኘንበት ነው። ያቺ ሠርግ ላይ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን የጠረጉት አክስት ድምፃዊቷን አይደለም ያለቀሱላት፤ የራሳቸውን የማናውቀውን ሰው ነው። ይኼ ስጦታ ነው። ስጦታ መቀበልም ነውር አይደለም።

ነውሩ ተቀብሎ ዝም ማለቱ ነው። አንጀታችንን ላራሰችው ሴት ቢያንስ የሚገባትን ዋጋ እንክፈላት፤ ክራሩንም ጊታሩንም ብዕሩንም እንደያዘች «የማን ነው?» ሳንል እንስማት፤ ከዘፈኑ ስንወጣ ደግሞ ዜማ የሌላትን፣ በራችን ላይ ቆማ ያልተሰማችውን አንዲት ሴት «ምን ሆንሽ?» እንበላት። ልቅሶ ቤት ሰው ሲሰነባበት «እግዜር ብድራችሁን በደስታ ይክፈላችሁ» ይላል። እስኪከፍለን ድረስ ግን ተራው የኛ ነው። ብድር በምድር ነው።